የሥራ እጅ

ባለፈው ወር ያረፉት አጎቴ ካዛንቺስ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ማንም ሳያስተምራቸው ከመኪና ባሌስትራ ታጣፊ ሰንጢ ይሠሩ ነበር። እጀታውን ከመቁረጣቸው በፊት የባለቤቱን መዳፍ ጨብጠው ይለካሉ። «በቀኝህ!» እየተባልኩ ያደግሁ ግራኝ ነኝና፣ ተራዬ ሲደርስ አፍሬ ቀኜን ዘረጋሁ።

«ይሄ የሰላምታ ነው፤ የሥራ እጅህን አምጣ።»

«ሥራ የሚያውቅ እጅ ከየት አባቴ ላምጣ፣ ጋሼ?»

ስቀው ግራዬን ሳብ አደረጉና፣ በግራ የሚከፈት ሰንጢ ሠሩልኝ። ከዘመዶቼ ሁሉ ግራኝነቴን ሊያርሙ ያልሞከሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ብርቱካን ሊልጡ በቀኛቸው ከሰንጢዋ ጋር ሲታገሉ ይቆዩና ባለቤቴ፣ «በቃ ለአያታችሁ ስጡት፣ እሱ ያውቅበታል» ትላለች። እኔ እኮ ነኝ የማውቅበት! ይህን ጉድ ሮጬ ለአጎቴ ልነግራቸው ብድግ ስል፣ እንደሌሉ ትዝ ይለኝና ተመልሼ ቁጭ እላለሁ።