ደረቷ ላይ የቀረው መቶ ሃያ

እትዬ ፊደል የሚሏት ፊደል አስተምራ አይደለም። ጎሚስታ ናት። ስሙ የወጣላት ከአመሏ ነው። ጎማ ሊያስቀይር የመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ ቢቸኩልም ባይቸኩልም፣ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አንዲት ፊደል ሳያይ አይሄድም። ከጎማው ጉንጭ ላይ፣ የሚሸከመውን ክብደት ከሚናገረው ቁጥር ቀጥላ የተቀረጸች፣ ጥፍር የምታህል ፊደል።

«አየሃት?»

«አየኋት።»

«ምን ትላለች?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እንግዲያው ምን እንደምትል ሳታውቅ ነው እስከ ዛሬ በላይዋ ተቀምጠህ ስትከንፍ የኖርከው። ይህ ጎማ ከዚህ ፍጥነት በላይ አይችልም እያለችህ እኮ ነው!»

ደንበኛው ይስቃል። ሁሉም ይስቃል። ሰው ጫማ ሲገዛ ልኬን አምጣ ብሎ ይሟገታል፣ መድኃኒት ሲገዛ ቀኑ አልፏል አላለፈም ብሎ ጠርሙሱን ያገላብጣል፤ ልጆቹን ጭኖ የሚበርበትን ጎማ ግን ክብ ነው፣ ጥቁር ነው ካሉት ይበቃዋል። የሚያናድደውም ይሄ ነው። እሷንም ያበግናታል።

ከሱቋ በር በላይ ክንድ የሚያህል የጎማ ቁራጭ ተሰቅሏል፤ ከነጥርሱ ተልጦ የወጣ የጭቃ ጎማ ገላ ነው። ባለቤቱ «ፊደሉ የፋብሪካ ወሬ ነው» ብሏት የሄደ ነጋዴ ነበር። መኪናው በሌላ መኪና ጀርባ ተጭኖ ተመለሰ፤ እሱ ትከሻው ተሰብሮ ነፍሱ ተረፈች። ቁራጩን ራሷ ለቅማ ሰቀለችው። «ይሄን አስቀያሚ ነገር ምን ያደርግልሻል?» ሲሏት፣ «ከእኔ ይልቅ እሱን ይሰሙታል» ትላለች።

ሱቁ የአባቷ ነበር። አባትዬው ሲሞት ገና ትምህርት ቤት ነበረች፤ ደብተሯን አስቀምጣ ክሪክ አነሳች። ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው እዚያው ነው፤ አሮጌ ጎማ ውስጥ ብርድ ልብስ አንጥፋ እያስተኛች። ያ በጎማ አልጋ ያደገ ልጅ ዛሬ የጉድጓድ ውኃ የሚቆፍር ድርጅት ሾፌር ነው፤ የመስክ መኪና ይነዳል፤ ሰፈሩ ንፋሱ ይለዋል። ለምን እንደሆነ መጠየቅ አያሻም። እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ ሲያርፍ ነገር ዓለሙን ይረሳል። «መቶ ሃምሳ ስትገባ እኮ እንደ ሕፃን አልጋ ነው የምትወዘውዘኝ» እያለ ይፎክራል፤ እህቱ በብሎን መፍቻ ታባርረዋለች።

የዚያን ቀን ጠዋት ንፋሱ መኪናውን ይዞ መጣ። ዝናቡ ገብቷል፤ ሠራተኞቹ ያሉበት ቦታ ጭቃው ጉልበት ይውጣል። ስለዚህ የጭቃ ጎማ መግጠም አለበት። ግን ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት እናታቸውን በፈጣኑ መንገድ ትልቁ ከተማ ወዳለው የዓይን ሐኪም ሊያደርስ ነው። እናትዬዋ የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ፣ ሰው በድምፁ ብቻ እየለዩ ቀጠሮውን ሲጠባበቁ ከርመዋል።

የጭቃ ጎማ ችግሩ ይህ ነው፤ ጥርሱ ወፍራም ስለሆነ ጭቃውን ይነክሳል፣ አስፋልት ላይ ሲሮጥ ግን ይግላል። ሲግል ገላው ከገላው ይላቀቃል። ሕጉ ለማንኛውም መኪና ጎማው ከመኪናው ፍጥነት ማነስ የለበትም ይላል፤ ለጭቃ ጎማ ብቻ በሩን ገርበብ አድርጎለታል። ከመኪናው አቅም በታች የሆነ ፊደል ያለው ቢገጠምም ይፈቅዳል፤ ወሰኑ ግን ሾፌሩ ፊት፣ ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ ተጽፎ መለጠፍ አለበት። በቃ። አንዲት ተለጣፊ ወረቀት። ያችንም እንኳ ዳሽቦርዴን አበላሸች ብሎ በጥፍሩ የሚልጣት ባለመኪና ሞልቷል፤ ምን ዓይነት ጭንቅላት እንደሆነ እንጃ!

እትዬ ፊደል የገጠመችለት ጎማ ኤል የምትባለዋ ፊደል ያለችበት ነው። ኤል ማለት መቶ ሃያ ነው። ያለፈው ክረምት የገጠመችለት መቶ ስልሳ ይችል ነበር፤ ዘንድሮ በዚያ ልክ የተገኘው ይሄ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ያው ነው ብሎ ያስባል፤ ከላይ ሲያዩት መንታ ናቸው።

የአሠራር ወጓ እንዲህ ነው። ቅባት የነካው ማጣበቂያ አይዝም። ስለዚህ እጇ ንጹሕ ሳለ ተለጣፊዋን ከጀርባ ወረቀቷ ትልጣታለች፣ የሥራ ቱታዋ ደረት ላይ ለጠፍ ታደርጋታለች፣ ከዚያ ብሎኖቹን በሁለት እጇ አጥብቃ ትጨርሳለች። መጨረሻ ላይ ከደረቷ አንስታ ዳሽቦርዱ ላይ ትለጥፋለች። ብሎን ሳይጠብቅ ወረቀት አይለጠፍም። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠርታለች፤ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

የዚያን ቀን ግን እናትዬዋ ነበሩ።

«ትራሴን አምጡልኝ» አሉ፣ ከመኪናው ውስጥ።

«እማዬ፣ ሐኪም ቤት ትራስ አለ።»

«የሰው ትራስ ላይ አልተኛም። ደግሞ መነጽሬስ?»

«እራስሽ ላይ ነው፣ እማዬ።»

«አንቺ ልጅ ደግሞ፣ ባየው እጠይቅሽ ነበር?»

ንፋሱ መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። እሷ ብሎን ታጠብቃለች፣ ትራስ ታመጣለች፣ ብርቱካን ታቀብላለች። «ስልክህን መሳቢያ ውስጥ ክተት!» ብላ ወንድሟን አስማለችው፤ እየነዳ እንዳያወራ። የእናትዬዋ ስልክ ባትሪ እንዳይጨርስ ሁልጊዜ እንደተዘጋ ነው። ጉንጫቸውን ስማ በሩን ዘጋች። መኪናው ጭሱን ለቆ ሄደ።

ትንሽ ቆይቶ የሰፈሩ ባለታክሲ መጣ። የኋላ ጎማው ልሙጥ ሆኗል፤ ሊያስቀይር ነው። አየት አደረጋትና ሳቁ አመለጠው።

«ምነው እትዬ፣ ዛሬ ከመቶ ሃያ በላይ አልሄድም ነው የምትይን?»

«ምን ትላለህ አንተ?»

«ደረትሽ ላይ ጽፈሽው!»

እጇን ወደ ደረቷ ሰደደች። ወረቀቷ እዚያው ናት፤ ጥቁር በቢጫ፣ ከመቶ ሃያ በላይ አይነዳም። ክው አለች። የጎማ ክምሩን ተደገፈች። ወንድሟ ፈጣኑ መንገድ ላይ ወጥቶ መቶ ሃምሳ ሲገባ፣ እናቷ ትራሳቸውን ታቅፈው፣ ከሥራቸው ያ ጎማ ሲፈላ ታያት። በር ላይ የተሰቀለው ቁራጭም ታያት።

ደወለች። መሳቢያ ውስጥ የተዘጋበት ስልክ ማን ያነሳዋል? የእናቷ ዝግ ነው። ስልኳን ጎማ ክምሩ ላይ ወረወረችውና ታክሲዋ ውስጥ ገባች።

«ንዳው!»

«ኧረ ጎማው...»

«ንዳው አልኩህ! ወደ ፈጣኑ መንገድ! እናቴን ልገድላት ነው!»

ባለታክሲው ጥያቄውን ዋጠና ነዳ። ታክሲዋ ግን ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ዳገት ስትወጣ ታቃስታለች፣ ቁልቁለት ስትወርድ ትንቀጠቀጣለች።

«ርገጠው እንጂ! ወንድ አይደለህም?»

«እትዬ፣ ወለሉን በስቼ ልውጣ? መቶ ሃያሽን ለእኔ ለጥፈሽልኝ ቢሆን አንድም ቀን ሕግ አልጥስም ነበር። ይህቺ ሰማንያን ራሱ የምታውቀው በወሬ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። እሷ፣ ሰፈሩን ሁሉ ቀስ በሉ እያለች ስታሰለች የኖረችው፣ አሁን ዳሽቦርዱን በመዳፏ እየደበደበች ፍጠን ትላለች። ንዴቷ ወደ ውስጥ ዞሮ ራሷን ይበላታል። ስንቱን ባለመኪና ግዴለሽ ብላ ሰድባለች! ለካ ግዴለሽ ሳይሆኑም ይገድላሉ። በትራስና በመነጽር መሃል፣ በፍቅር መሃል፣ አንዲት ወረቀት ደረት ላይ ትቀራለች።

ደግሞ ኬላው አለ። ፈጣኑ መንገድ መግቢያ ላይ ተቆጣጣሪዎች ይቆማሉ፤ ግን አብዛኞቹ እጃቸውን አወዛውዘው ነው የሚያሳልፉት። የሚያስቆም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሾፌሮች ድርቁ የሚሉት። እሱን ደግሞ እትዬ ፊደል ዓይኑን ማየት አትወድም። ባለፈው፣ የለጠፈችውን ወረቀት መሪው ጋርዶታል ብሎ ደንበኛዋን መልሶባት፣ ኬላው ድረስ ሄዳ «ደረቅ! እንጨት! ሰው አይደለህም!» ብላው ነበር። አሁን በልቧ የምትለምነው አንድ ነገር ነው። ዛሬ ተረኛው እሱ ይሁን። እባክህ፣ እንጨቱ ይሁን።

ኬላው ሲቃረብ መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል። ጡሩንባው ይጮሃል። ሰው ከየመኪናው ወርዶ አንገቱን ወደ ፊት ያሰግጋል። «አደጋ ነው» አለች። ታክሲዋ ሳትቆም በሩን ከፍታ ወረደች፤ በቱታ፣ በቅባት እጇ፣ በመኪኖቹ መሃል ሮጠች።

መጀመሪያ ያየችው መኪናውን ነው። በአራት ጎማው ቆሟል። ቀጥሎ እናቷን። ከኬላው ጥላ ሥር፣ የተቆጣጣሪው ወንበር ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። ከዚያ ወንድሟን፤ መግቢያውን ዘግቶ ከአንድ ቀጭን ሰው ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥሟል። ሰውየው ድርቁ ነው።

«አላሳልፍም ብያለሁ» ይላል ድርቁ። «ጎማው ኤል ነው። ማሳሰቢያው የት አለ?»

«እህቴ ጎሚስታ ናት እያልኩህ! ሳትለጥፍ አትተውም!»

«የት ለጠፈች?»

«እዚህ ለጠፈች!» አለች እትዬ ፊደል፣ ደረቷን እየደበደበች። ከዚያ አልቻለችም፤ እዚያው የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ አሰማች።

ንፋሱ ዓይኑ ፈጠጠ። «እትዬ! ስደውል ስደውል የማታነሺው ምን ሆነሽ ነው?» ኪሷን ዳሰሰች። ስልኳ ጎማ ክምር ላይ ነው።

«ጎማው እንደ አምናው አይደለም» አለችው፣ ትንፋሿ ሲመለስ። «መቶ ሃያ ነው። አልነገርኩህም።»

ንፋሱ ወደ ጎማው ዞረ። ቁጢጥ አለ። ፊደሏን በጣቱ ነካት። ፉከራው ከፊቱ ላይ ሲወርድ ይታያል። «እኔ እኮ...» አለና እናቱን አየ፣ ከፊት ለፊቱ የተዘረጋውን ቀጥ ያለ አስፋልት አየ። «እማዬን መቶ ሃምሳ ላሳይሽ ብያት ነበር» አለ፣ ቀስ ብሎ።

እትዬ ፊደል ተነስታ ወደ ድርቁ ሄደች። ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ያለፈውን አልረሳም።

«እመቤት፣ ስድብ ከሆነ...»

«ወንድሜ» አለችው፤ ሁለት እጁን በቅባት እጇ ያዘችው። «ደረቅ ብዬህ ነበር። አሁንም ደረቅ ነህ። እንደዚሁ ደርቀህ ኑርልኝ።»

ከኋላ የተሰለፉት ጡሩንባቸውን አቀለጡት። ድርቁ እጁን አየ፣ እሷን አየ፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር ብልጭ አለ። «ቱታሽ ላይ ያለውን ልጠፊውና መንገዱን ልቀቁልኝ» አለ።

መኪናው ጥግ ያዘ። ወረቀቷን ከደረቷ ላጠችው፤ ጀርባዋ የቱታ ክር ሰብስቦ ሪዝ አብቅሏል፤ ዳሽቦርዱ ላይ አድርጋ ስትለቃት ተልጣ ትወድቃለች። ደጋግማ ሞከረች።

«ምንድን ነው የሚወድቀው?» አሉ እናትዬዋ፣ ወደ መቀመጫቸው እየገቡ።

«ማሳሰቢያ ነው፣ እማዬ።»

«ምን ይላል?»

«ልጅሽን ቀስ በል ይላል።»

«ይሄማ መውደቅ የለበትም» አሉና እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቷን በአውራ ጣታቸው ዳሽቦርዱ ላይ ተጫኑት። «ንዳ። እኔ እይዘዋለሁ።»

ድርቁ በመስኮት አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። ወረቀቷ ሾፌሩ ፊት ናት፣ ጽሑፉ ይነበባል፤ ጣት ይያዘው ሙጫ ይያዘው ሕጉ አላለም። እጁን አንስቶ አሳለፋቸው። መኪናው በእርጋታ፣ እንደ ሙሽራ መኪና ወጣ።

እሷ እስኪርቅ ቆማ አየችው። ደረቷ ቀለላት፤ አየሩን እስከ ሆዷ ሳበችው። ከኋላዋ ግን የድርቁ ድምፅ መጣ።

«ይህቺን ታክሲ ማን ነው ያመጣት? በዚህ ልሙጥ ጎማ?»

ባለታክሲው ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። «እኔ ልቀይር ነበር የሄድኩት! ራሷ ናት በግድ ያስነዳችኝ!»

እትዬ ፊደል ሳቀች። ከልቧ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ትርፍ ጎማውን ከታክሲዋ ሆድ ጎትታ አወጣች፣ ክሪኩን ከመንገዱ ዳር አቆመች፣ ሁለቱንም፣ ባለታክሲውንም ድርቁንም፣ ጠራቻቸው።

«ኑ፣ ቁጢጥ በሉ። መጀመሪያ ፊደሏን እዩ።»

ቁጢጥ አሉ። ድርቁ አሁን በግልጽ ሳቀ።

ሱቋ ተመልሳ ገና እጇን ሳትታጠብ ጎማ ክምሩ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። እናቷ ናቸው፤ በስንት ዘመናቸው ስልካቸውን ከፍተው።

«ደርሰናል» አሉ። «ልጁ እንደ ኤሊ ነው የነዳው። ጣቴ ግን ደንዝዟል፤ ሐኪሙ ዓይኔን ትቶ እሱን ቢያይልኝ ይሻላል።»