ኤቲኤሙ ብር አላለቀበትም ነበር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በዱዓዬ እንኳ "ያ ነገር" እያልኩ አልፈው ነበር እንጂ በስሙ አልጠራሁትም። ዘንድሮ መጻፍ እንደምችል አወቅሁ፤ ደስታዬም ልክ የለውም። ታዲያ የቻልኩትን ነገር ለሚያስመሰግነኝ ወሬ ብቻ ላውለው? አልሆነልኝም። እኔ እህቴን በድያለሁ።

እህቴ ዘሃራ ሰንጋ ተራ ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ትሠራ ነበር፣ አሁንም እዚያው ናት። ሥራዋ ኤቲኤሙ ውስጥ ስንት ብር ቢገባ እንደሚበቃ መገመት ነበር። ቀላል ይመስላል አይደል? ካነሰ ሰው ተሰልፎ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ከበዛ ደግሞ በመስኮት ለሚከፈለው ሰው የሚሆነው ብር ማሽን ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። ዘሃራ ግን፣ አጃኢብ ነው፣ የሰፈሩን ሰው ኪስ ከራሱ በላይ ታውቀው ነበር። ደመወዝ የሚገባበትን ቀን፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያልቅበትን ሳምንት፣ ዝናብ ሲጥል ማን እንደሚቀር ሁሉ በደብተሯ ትጽፋለች። በዓል ሲመጣ ያለፈውን በዓል ገልጣ አይታ ትመድባለች። ከእሷ በላይ አራዳ አላየሁም።

በኢድ አልፈጥር ዋዜማ እናቴ ካርዷን ሰጥታ ብር አውጪ ብላ ላከችኝ። ሰልፉ ጥግ ድረስ ሄዷል። ጀለሶቼ ደግሞ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቆመው ይጠብቁኛል። ፊት ያለችው ሴትዮ ካርዷ እምቢ ብሏት ባዶ እጇን ስትመለስ አየሁ። ያን ጊዜ ነው አፌን የከፈትኩት።

"ብር አልቋል። እህቴ እዚህ ነው የምትሠራው።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ከፊቴ የነበሩ ሽማግሌ ዞረው፣ "እርግጠኛ ነሽ ልጄ?" አሉኝ።

"አዎ አባባ" አልኳቸው፣ ዓይናቸውን እያየሁ። ሌላ ማሽን ፍለጋ በምርኩዛቸው ወደ ተክለ ሃይማኖት አዘገሙ። ለእሳቸው እግር ዛሬ ምን ብዬ ልመልስ? ሰልፉ ተበተነ፣ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። እኔ ሁሉም እስኪሄድ ጠብቄ ብሬን አወጣሁና እየሳቅሁ ሄድኩ።

በዓሉ ሲያልፍ ማሽኑ ውስጥ ብዙ ብር ተርፎ ተገኘ። ዘሃራ ግራ ገባት፤ ግን ያየችውን ጻፈች። ለአረፋ ያንን አይታ ቀነሰች። በአረፋ ዋዜማ ኤቲኤሙ ገና ከቀትር በፊት ባዶ ቀረ፤ በግ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ቅርንጫፉን በጩኸት ሞላው። ሥራ አስኪያጁም ምደባውን ከእሷ ወስዶ ለሌላ ሰው ሰጠው።

ማታ ቤት ስትገባ አላለቀሰችም። "ሰዉ መቼ ዋሸኝ፣ ያላወቅሁት እኔ ነኝ" አለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። የዋሸው ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ዝም አለ። ልጅ ስለነበርኩ ነው? አይደለም፤ ለመዋሸት ያልደረስኩ ልጅ አልነበርኩም።

ዘሃራዬ፣ ነገ ይህን ወረቀት ይዤ ቅርንጫፉ እመጣለሁ። ይቅርታሽን ከመለመኔ በፊት ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሜ የምናገረው አለኝ፦ የዚያ ኢድ ግምትሽ ልክ ነበር።