ከግድግዳው ወዲያ የሚረግጥ እግር

አባቴ በሞተ በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ክፍሌ ውስጥ ጊታር እየተለማመድኩ ሳለ ከአምፕሊፋየሩ ውስጥ ሽመና ሰማሁ።

ተወልጄ ያደግኩት ከሽሮ ሜዳ ገበያ በላይ ነው። ሌላ ድምፅ ሊምታታብኝ ይችላል፤ ሽመና ግን አይምታታብኝም። መጀመሪያ የእግር መርገጫው እንጨት ሲጥ ይላል። ከዚያ መወርወሪያው በድሩ መሃል ሽው ብሎ ያልፋል። ቀጥሎ መምቻው ማጉን ሁለቴ ያጠብቀዋል። ጣቶቼን ከጊታሩ ክሮች ላይ አንስቼ አዳመጥኩ። ሲጥ፣ ሽው፣ ዷ ዷ። ዝቅ ያለ ነው፤ ግን አለ።

በግቢያችን ሽመና የለም። የአባቴ የሥራ ክፍልና የኔ ክፍል አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ፤ የሽመና ዕቃውን ግን አርባው ካለፈ በኋላ አጎቴ ፈታተው ወስደውታል። ሸማኔ ቁጭ ብሎ እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ አፈር ሞልተን ላዩን ፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፈንበታል። ተነስቼ ሄጄ በሩን ከፈትኩ። የተደራረቡ የለቅሶ ወንበሮች፣ ሁለት ጆንያ እህል፣ አንድ መስኮት። ሌላ ነገር የለም። ወደ ክፍሌ ስመለስ ድምፁ ቀጥሏል።

ስለ ዕቃዎቼ ትንሽ መናገር አለብኝ። አንድ ሆቴል ውስጥ በባንድ እጫወታለሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ትምህርት ቤት ጊታር አስተምራለሁ። ለብዙ ዓመት የነበሩኝ ሦስት አሮጌ አናሎግ ፔዳሎች ናቸው። አንዱ ኮምፕረሰር ነው፤ ጎላ ያለውን ድምፅ ይጫንና የደከመውን ያነሳል። ሁለተኛው ዲስቶርሽን ነው፤ ድምፁን ያሻክረዋል። ሦስተኛው ዲሌይ፣ የገደል ማሚቶ ነው። አምና አንዲት ትንሽ ዲጂታል የኢፌክት ሣጥን ገዛሁ፤ ከመጽሐፍ አትበልጥም፤ ሆዷ ውስጥ ከመቶ በላይ ድምፅ አለ። ሁሉን ነገር እሷ ትሠራዋለች ብዬ አሮጌዎቹን ካርቶን ውስጥ ከትቻቸው ነበር። አልሆነም። የሷ ዲስቶርሽን ለጆሮ የተስተካከለ ነው፤ ግን እጄ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረውም። ስለዚህ አስታረቅኳቸው። ጊታሩ መጀመሪያ ወደ ኮምፕረሰሩ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ዲስቶርሽኑ፤ ከዚያ ወደ ዲጂታሏ። ማሚቶውንም ሉፑንም ለሷ ተውኩላት። ሉፕ ማለት የተጫወትሽውን ቀድታ እየደጋገመች መልሳ የምታጫውትበት ነው፤ ብቻሽን ሆነሽ ከራስሽ ጋር ትለማመጃለሽ።

እነዚህን መሬት ላይ ደርድሬ በካልሲ ስረግጣቸው አባቴ አንድ ጊዜ በር ላይ ቆሞ አየኝ። የቀለም ሰው አልነበረም፤ ስለ ሙዚቃም ብዙ አይናገርም። ትንሽ ካየ በኋላ፣ "አንቺም በእግርሽ ነው የምትሠሪው ለካ" አለና ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የኤሌክትሪክ ገመዱን ነው። ዲጂታልና አናሎግ ከአንድ ማከፋፈያ ሲጠጡ አንዳንዴ ጉም ጉም የሚል ድምፅ ያመጣሉ። ግን ያ ጉምጉምታ ምት የለውም፤ እንደ ፍሪጅ ነው የሚያሰማው። ቀጥሎ ዲስቶርሽኑን ጠረጠርኩ። እሱ ድሮም ጠባየኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ሆቴሉ ውስጥ ልምምድ ላይ እያለን ከየት እንደመጣ ያላወቅነው ሬዲዮ ይዞ ዜና አንብቦብናል። ነቀልኩት። ሽመናው አልቆመም። ኮምፕረሰሩን ነቀልኩ። አልቆመም። በመጨረሻ ጊታሩን ራሱን ነቀልኩና አልጋ ላይ አጋደምኩት። ሲጥ፣ ሽው፣ ዷ ዷ።

ምንም ያልተሰካበት ሣጥን ነው የሚሠራው። የዲጂታሏን ገመድ ከግድግዳው መዝዤ ወጣሁና እናቴ አጠገብ ሄጄ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ። ምን ሆነሽ ነው አለችኝ፤ ምንም አልኳት።

በማግስቱ በቀን ብርሃን፣ ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች እያሉ፣ መልሼ ሰካኋት። ዝም አለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫወትኩ፤ ምንም የለም። ከዚያ ዳር ያለችውን ትንሿን ፔዳል ስረግጥ ያው መጣ። ጎንበስ ብዬ ስክሪኗን አየሁ። ነገሩ ወዲያው ተገለጠልኝ፤ ሉፕ ነው። ከተቀመጡት ቅጂዎች አንዱ ነው፤ ትናንትም ሳላውቀው ረግጬው ኖሯል። መጀመሪያው ላይ የኔ ጊታር አለ፤ ሦስት አራት ኮርድ። ከዚያ ጊታሩ ያቆምና ሽመናው ብቻ ይቀራል።

አስታወስኩትም። በሠፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን ጊታሬን በሉፕ እየቀዳሁ ሳለ እናቴ ውሃ መጣ ብላ ተጣራች፤ ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ጄሪካን ይዤ ሮጥኩ። ቅጂውን አላቆምኩትም። ከግድግዳው ወዲያ አባቴ ይሸምን ነበር። የመምቻው ንዝረት በጭቃው አልፎ ወደ ጊታሩ እንጨት ገባ፤ ኮምፕረሰሩ የደከመውን ድምፅ ፈልጎ አነሳው፤ ሣጥኗ አስቀመጠችው። ስመለስ ምን እንደሆነ ሳልሰማ ዘግቼዋለሁ። መች እንደነበር አላውቅም። ሣጥኗ ቀን አትመዘግብም።

እንዲህ ሲገባኝ ፍርሃቴ መልቀቅ ነበረበት። የአባቴን ድምፅ አገኘሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ሁሉ ይገባ ነበር። ግን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ደግሜ ስሰማው የባሰ ነገር መጣ። የአባቴ አረጋገጥ አይደለም።

ሠላሳ ዓመት የተኛሁትም የነቃሁትም በዚያ ድምፅ ነው። የአባቴ እግር ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ፣ እንደ ሰዓት ነበር። ይሄኛው አንዱን ይረግጥና ሌላው ላይ ይዘገያል። ሲጥ ካለ በኋላ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ይላል፤ ከዚያ የሆነ ነገር መሬት ላይ ይንሸራተታል፤ ከዚያ ነው የሚረግጠው። አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ያቆምና ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ሰው እዚያ ተቀምጦ እንደሚያዳምጥ ዓይነት ዝምታ። ከዚያ ይጀምራል። በአባቴ ክፍል፣ በአባቴ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሌላ ሰው ተቀምጦ የሚሠራ መሰለኝ።

ለእናቴ ልነግራት አልደፈርኩም። ሣጥኗንና ማዳመጫውን በቦርሳ ይዤ ወደ ገበያው ወረድኩ፤ አጎቴ ጋ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ አብረው ከጋሞ ደጋ መጥተው አብረው ሥራ የጀመሩ። ከጋቢ ሱቆቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ከሌሎች ሦስት ሸማኔዎች ጋር ይሠራሉ። የአባቴን ዕቃ እዚያ ተክለውታል። አንድ ነገር ሊሰሙልኝ እንደምፈልግ ነገርኳቸው፤ ምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። ጉድጓዳቸው ውስጥ እንደተቀመጡ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው።

አይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይቶ እግራቸው ከታች መንቀሳቀስ ጀመረ። የሚያውቁት አይመስለኝም፤ እግራቸው ብቻውን ነው የሚከተለው። ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ። ከዚያ ቀኝ እግራቸው አየር ላይ ቀረ። እዚያው ተንጠልጥሎ ጠበቀ፤ ከዚያ ዘግይቶ ወረደ። ድሩ ከፊታቸው ያለ ማግ ይከፈታል ይዘጋል። በጎን የነበሩት ሸማኔዎች ሥራቸውን አቁመው ያዩን ነበር።

ማዳመጫውን አወለቁ። "የዚህ ሰው ቀኝ እግሩ አይታዘዘውም" አሉ።

"ማን ነው?" አልኳቸው።

"ወንድሜ ነዋ። ሌላ ሰው መስሎሽ ነው የመጣሽው? ሁለተኛውን ምት ቀለል የሚያደርግ እሱ ብቻ ነው። እጁ የሱ ነው።" ጉድጓዱን አዩ። "እግሩ ግን ቀድሞ ሄዷል።"

አባቴን ስትሮክ ነው የገደለው። ጠዋት ወደቀ፤ በሁለተኛው ቀን አረፈ። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ፣ ከዚህ በፊት እጁን ወይም እግሩን ደከም ብሎት ያውቃል ወይ ብሎ ጠይቆን ነበር። በፍጹም፣ ጤነኛ ነበር አልኩት። ያንን የመለስኩት እኔ ነኝ። በአንድ ግድግዳ ተለያይተን፣ ጆሮዬን በማዳመጫ ደፍኜ ኮርድ ስለማመድ፣ እሱ ወዲያ ሆኖ እግሩን በእጁ እያነሳ መርገጫው ላይ ያስቀምጥ ነበር ማለት ነው። ያ መሬት ላይ የሚንሸራተተው ነገር እግሩ ነው።

ሽቅብ ወደ ቤት ስመለስ ለእናቴ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት እያሰብኩ ነበር። ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። እግሩ ያመው እንደነበር ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። ከምስሩ ቀና አላለችም። ከክረምቱ ጀምሮ የቀኝ ጫማውን የምታስርለት እሷ እንደነበረች ነገረችኝ። ለልጅቷ እንዳትነግሪያት፣ ያልፋል፣ ሐኪም ቤት ወስዳ ሥራዬን ታስተወኛለች ብሎ አስምሏታል። እሷም ምላለች።

እንድትቆጣ ወይም እንድታለቅስ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ልስማው አለች።

ማዳመጫውን አልወደደችውም፤ በአምፕሊፋየሩ ከፈትኩላት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሣጥኗን ሳይሆን ግድግዳውን ታይ ነበር። መጀመሪያ የኔ ኮርዶች አለፉ። ከዚያ እሱ መጣ። ረገጠ፣ ዘገየ፣ ጎተተ፣ መታ። ያ ረጅም ዝምታ ጋ ሲደርስ እናቴ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች፤ ሥራው እንደገና ሲጀምር ተነፈሰች። ቅጂው አልቆ ከመጀመሪያው ዞረ። ለሁለተኛ ጊዜ እሱ ጋ ሲደርስ ፊቷ ተለወጠ።

"አያቆምም እንዴ?" አለችኝ።

እኛ እስክናቆመው ድረስ እንደሚደጋግም ነገርኳት።

"አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂም? ሳንሰማውም?"

አይ፣ ያኔ እንደሚጠፋ፣ ሲረገጥ ብቻ እንደሚነሳ ላስረዳት ሞከርኩ። የሰማችኝ አልመሰለኝም። ግድግዳውን እያየች፣ "በዚያ እግሩ እስካሁን እየሠራ ነው" አለች። "ይበቃዋል። ይረፍ፤ አጥፊው።"

ለሌላ ጊዜ ሌላ ቦታ ቀድቼ ላስቀምጠው ብዬ አስቤ ነበር፤ ስልኬ ላይ እንኳ። እናቴ ፊት ለፊቴ ቆማ እያየችኝ ነበር። ሣጥኗ በስክሪኗ ላይ፣ ቅጂው ይጥፋ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ የሚለውን ተጫንኩ። እንደገና እርግጠኛ ነሽ ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ጣቴ ትንሽ ቆየ። ተጫንኩት። የቅጂው ቁጥር ባዶ ሆነ።

አንዳንድ ቀን ማጥፋቴ ይቆጨኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ክፍሌ ገብቼ አምፕሊፋየሩን ስከፍት፣ ገና ምንም ሳልነካ በፊት ባለችው ጸጥታ ውስጥ፣ እጄ ክሩ ላይ ሆኖ እጠብቃለሁ። ምንም አይመጣም፤ ቶሎ ብዬ መጫወት እጀምራለሁ።

ከሳምንት በኋላ አጎቴ ደውለው ነይ አይሉ ነገር፣ አትምጪ አይሉ ነገር፣ ዝም ብለው እየሠሩ እንደሆነ ነገሩኝ። ወረድኩ። የቀሩት ሸማኔዎች ምሳ ወጥተዋል። በሩ አጠገብ በርጩማ አስቀምጠውልኛል። ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ፣ ሳላያቸው እንዳዳምጥ አዘዙኝ። ከዚያ ሥራ ጀመሩ።

የአባቴ ዕቃ ነው፤ ሲጥ የሚለው የአባቴ መርገጫ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ። ሲጥ፣ ሽው፣ ዷ ዷ። ብዙ ቆዩ።

"ዘገየሁ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"አልዘገዩም" አልኩ።

እውነቱን ለመናገር እርግጠኛ አልነበርኩም። አንድ ሁለት ቦታ ላይ የሆነ ነገር የሰማሁ መስሎኝ ነበር፤ ምናልባት ያ ቅጂ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ዞሬ ሳያቸው ግንባራቸውን ላብ አጥምቆታል። ለማንኛውም ነገ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ አልኳቸው። ይቃወሙኛል ብዬ ነበር፤ አልተቃወሙም።

በማግስቱ ጠዋት ቁልቁል ስንወርድ ቀድመው እንዲሄዱ አደረግኳቸው። ከኋላ ሆኜ ጫማቸው ኮብልስቶኑ ላይ የሚያሰማውን ድምፅ እያዳመጥኩ ተከተልኳቸው። ነርሷ የደም ግፊታቸውን ሁለቴ ለካች፤ ሁለቴም ከፍ ያለ ነው አለች። መድኃኒት አዘዙላቸው፤ ጨው ይቀንሱ ተባሉ። አሁን በየጠዋቱ መድኃኒቱን ይውጣሉ፤ ሥራቸውንም ይሠራሉ። እሑድ እሑድ እናቴን ሊጠይቁ ሲመጡ ግን ከሰላምታ በፊት በሩ ላይ ቆም ብለው እኔን ያዩኛል። ከታች ጀምሮ አረማመዳቸውን ስሰማ እንደነበር ያውቃሉ። ደህና ነው ብዬ ራሴን በእሺታ እነቀንቅላቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ነው የሚገቡት።