ሰላምታ ቆራጩ

ያኔ ዶሃ የነበርን ሐበሾች የምንሰባሰብበት አንድ የኢንተርኔት ፎረም ነበር። ባለቤቱ ኦልድ ኤርፖርት በሚባለው ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ሲሆን ፎረሙን የከፈተው ሥራ በቀዘቀዘበት ወቅት ነው። አባላት ሲበዙ ቅሬታውም በዛ። አንድ ቀን ማውዝ ልገዛ ሱቁ ገባሁና ሰውየው ገና ሳልጠይቀው፣ «አንተ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ ፋይል ታውቃለህ። አቤቱታውን አንተ ያዝልኝ» አለኝ። እምቢ ልለው አፌን ስከፍት «ኃላፊ ትሆናለህ» የሚል ጨመረበት። ማውዙንም ኃላፊነቱንም ይዤ ወጣሁ።

አል ሰድ በሚገኝ አንድ ዕቃ አስመጪ ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። አለቃዬ ከሦስት መስመር በላይ የሆነ ደብዳቤ ስለማያነብ፣ የእኔ ሹግል የሰው ደብዳቤ ማሳጠር ነበር ማለት ይቻላል። በዚህ ሥራ ጎበዝ ነበርኩ፤ ጎበዝ መሆኔንም ለሰው ሁሉ እናገር ነበር። ስለዚህ የፎረሙን አቤቱታ ስከፍት ያየሁት ነገር አናደደኝ። ሰዉ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፈ፣ መጀመሪያ ሁለት ገጽ ሰላምታ ይደረድራል። የእናት፣ የአባት፣ የጎረቤት፣ የከብት ሰላምታ። ቅሬታው የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ያውም እያፈረ ነው።

ቅሬታዎቹም ቢሆኑ ጉድ ነበሩ። አንዱ፣ የፎረሙ ቀለም አረንጓዴ በመሆኑ ራሱን እንደሚያመው ገልጾ ሰማያዊ እንዲደረግለት ያመለክታል። አንዷ ደግሞ የምግብ አሠራር ክፍል ውስጥ ወንዶች ሳይጠየቁ ስለ ሽንኩርት አስተያየት እየሰጡ አስቸገሩን ትላለች። ሌላው የጻፈው ቀልድ ላይ ማንም ስላልሳቀ ምክንያቱ ተጣርቶ በጽሑፍ እንዲገለጽለት ጠይቋል። የእሱን ቀልድ አነበብኩት፤ ማጣራትም አላስፈለገኝም።

ደንብ አወጣሁ። ሰላምታ ከአንድ መስመር አይበልጥም። ስልክ ቁጥር በአደባባይ አይለጠፍም። አንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ አይላክም። የሰው ስም አለመጻፍ ቀድሞም የነበረ ደንብ ነው፤ አንዲት ልጅ ስሟን ጽፋ አሠሪ ማዳሟ ጆሮ ስለደረሰ ባለቤቱ ስም የሚባል ነገር ከልክሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣልኝን ሁሉ ሰላምታውን እየቆረጥኩ፣ ፍሬ ነገሩን በአንድ መስመር ሠንጠረዥ ውስጥ እያስገባሁ እለጥፈው ጀመር። የቆረጥኩትን ግን አልጥልም ነበር፤ ወረቀት የሚባል ነገር መጣል አልወድም። ቢሮ ውስጥ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ አትሜ ክፍላችን ባለው ካርቶን ውስጥ እከተዋለሁ።

ከእኔ ጋር ክፍል የሚጋራ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሹፌር ነበር፤ ጋሼ ነው የምለው። አርብ አርብ አሠሪዎቹ፣ ባባውና ማዳሚቱ፣ ጁምዓ ስለሚያርፉ እሱም ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ የእኔን ቁርጥራጭ ማንበብ ልማድ አደረገው። «አለቃ፣ አንተ ሥጋውን ጥለህ አጥንቱን ነው የምታቀርበው» እያለ ያሾፍብኛል። እኔም ስለ ፋይል ምን ያውቃል ብዬ እተወዋለሁ።

በዚህ መሀል አንዲት ቤት ሠራተኛ ጻፈች። የምትጽፈው በሳምንት አንዴ፣ አርብ ከሰዓት፣ ቤተሰቡ አያትየው ዘንድ ሲሄድ በልጆቹ ኮምፒውተር ነው። ታናሽ እህቷ በሌላ ደላላ በኩል ዶሃ ገብታለች፤ የማን ቤት እንደገባች ግን አገር ቤትም የሚያውቅ የለም። የእሷ ኮንትራት ደግሞ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ሳትሄድ እህቷን ማየት ትፈልጋለች። ይህን ለማለት አርባ መስመር ሰላምታ አስቀድማለች። ሁሉንም ቆርጬ «እህት ትፈለጋለች፤ ዶሃ» ብዬ ለጠፍኩላት። አጭርና ግልጽ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌላ ጽሑፍ መጣ። እሱም እንደዚያው ረጅም ነበር። ከመሀሉ እህት የምትለዋን ቃል ስፈልግ አገኘኋት፣ ሌላውን ቆረጥኩ፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ላስገባው ስል «እህት ትፈለጋለች፤ ዶሃ» የሚል አለ። ያቺው ሴትዮ በሌላ መጠሪያ ደግማ የላከች መሰለኝ። «ድግግሞሽ» ብዬ ሰረዝኩት። ለላኪውም አንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ እንደማይላክ የሚያስታውስ ቆጣ ያለ መልስ ሰደድኩ።

ሴትየዋ በየአርቡ መጻፏን ቀጠለች። «የተከበሩ የአቤቱታ ኃላፊ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ሰላምታዬን ግን ቢመልሱልኝ» ትላለች። ደንብ ነው እላታለሁ። በሚቀጥለው አርብ «እርስዎን ለማስቸገር አይደለም፣ ሰላምታዬን ግን» ብላ ትመጣለች። ደንብ ነው። ሦስተኛው አርብ ላይ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት። ሰላምታ ምን ያደርግላታል፣ የምትፈልገው እህቷን አይደል ብዬ ተበሳጨሁ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻዋ አርብ ደረሰች። ሰኞ ነው የምትሄደው። ጋሼ ፍራሹ ላይ ተንጋሎ ካርቶኑን እያተራመሰ ሳለ ብቻውን ሳቀ።

«ምን አገኘህ?» አልኩት።

«ስማ እስቲ። ‹ለቅሶ ቤት ሄዳ ሳቅ ለሚያመልጣት አክስቴ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለሚያንቀላፋው ሽማግሌ፣ ጆሮዋ ለተቀደደው ላማችን፣ ወልዳ ከሆነ ለጥጃዋም ጭምር ሰላምታዬ ይድረስ።› ወላሂ ይቺን አክስት ባገኛት ደስ ይለኝ ነበር።»

እኔም ፈገግ አልኩና ሸሚዜን መተኮስ ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይቶ ጋሼ እንደገና ሳቀ። «ይቺ አክስት እዚህም መጣች እኮ!» አለና ሌላ ወረቀት አነሳ። «‹አክስታችን ባለፈው ለቅሶ ላይም ሳቅ አምልጧት አስወጧት። ላማችን ወልዳለች፤ ጥጃው ግንባሩ ላይ ነጭ አለው›» ብሎ አነበበና ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያዛቸው።

«አለቃ፣ ይቺ ስትጠይቅ ይቺ ትመልሳለች» አለኝ። «ሁለቱም ከአንድ ቤት ናቸው። እነዚህን ሰዎች ምንድነው ያደረግካቸው?»

ካውያውን ሸሚዜ ላይ እንደተውኩት የገባኝ ሽታው ሲመጣ ነው። የመጀመሪያዋ በየአርቡ የምትጽፈው ሴትዮ፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ድግግሞሽ ብዬ የሰረዝኳት ነበረች። ስም መጻፍ ስለተከለከለ ሁለቱም ያላቸው ምልክት ያቺ አክስት፣ ያ ሽማግሌና ያቺ ላም ብቻ ነበሩ። እኔ ደግሞ እነሱን ቆርጬ፣ ዶሃ ውስጥ ያሉ እህቶችን ሁሉ የሚመስል አንድ መስመር ብቻ ትቼላቸው ነበር። እህትማማቾቹ ለሳምንታት የተገናኙት በእኔ ካርቶን ውስጥ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

የታናሽየዋ ወረቀት ግርጌ ላይ የቆረጥኩት ሌላም ነገር ነበር። «የምጽፍላት የቤቱ ሹፌር ነኝ፣ እሷ ኮምፒውተር አታገኝም፣ ስልኬ ይኸው» ይላል። ጋሼ ከእጄ ነጥቆ ደወለ። «አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ፣ ስለዚያች ልጅ ነበር» ሲል ሹፌሩ አላስጨረሰውም። ሁለት ጊዜ መላክ አይቻልም ስለተባልን እንደገና ለመላክ ፈርተን ተውነው ብሎ ነገረው። ጋሼ ይህን ሲሰማ ዞሮ አየኝ፤ ስድብ ቢጨምርበት ይሻለኝ ነበር።

«ያላ፣ ሩጥ» አለኝ ስልኩን ሲዘጋ።

ቢሮዬ አርብ ዝግ በመሆኑ ወደ ፎረሙ ባለቤት ሱቅ ሮጥኩ፤ እሱም ለጁምዓ ሶላት ዘግቶ ስለነበር በር ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ በተቃጠለ ሸሚዝ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲከፍት ምን ሆነሃል እንኳ ሳይለኝ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ሁለቱን ሰላምታዎች ከወረቀት ላይ እየገለበጥኩ፣ አንዲት ፊደል ሳልቀንስ፣ አንዱን ከሌላው በታች ለጠፍኳቸው። ከሥራቸው የሹፌሩን ስልክ ጻፍኩ። ከዚያ ጣቴ ቁልፉ ላይ እያለ፣ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ ጠፋኝ። የለመድኩት ማሳጠር ነው፤ «ይቅርታ» ብቻ ብዬ ተውኩት። ሱቁ እስኪዘጋ ብቀመጥም መልስ የጻፈ የለም።

እሑድ ሹፌሩ ጋሼ ዘንድ ደወለ። ትልቅየዋ አርብ ማምሻውን ደውላለት ነበር፤ ታናሽየዋ ደግሞ አልቅሳ ስትለምናት ማዳሟ ፈቀደችና ቅዳሜ ወስዶ አገናኝቷቸዋል። «እኔ ቸኩያለሁ እላቸዋለሁ፣ እነሱ በጄ ሊሉኝ ነው?» አለው። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰላምታ ነበር። ላሟ ላይ ሲደርሱ ኸላስ ብዬ ጠራኋቸው።» ጋሼ ሳቀ፤ እኔም እፎይ ብዬ ሳቅሁ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ ፎረሙን ከፈትኩ። በትልቅየዋ መጠሪያ አንድ ጽሑፍ መጥቷል፤ ሳትሄድ ልጆቹ ኮምፒውተሩን ፈቅደውላት መሆን አለበት። አርባ መስመሩን ለማንበብ ወንበሬን አስጠጋሁ፤ አንድም ሳልቆርጥ ልለጥፈው ወስኜ ነበር።

«አገኘኋት» ይላል።

ሰላምታው ከታች ይኖር እንደሆን ብዬ ገጹን ወደ ታች ሳብኩት። ምንም አልነበረም።