ጎል ሲገባ የሚተቃቀፉ ወንድማማቾች

ኦርምስዴል ውስጥ ኔቪል አስፒናልን የማያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የከተማዋ ሰው ግማሹ በእሱ አውቶብስ ትምህርት ቤት ሄዷል፣ ግማሹ ደግሞ ሰክሮ ተሳፍሮበታል። ጡረታ እስኪወጣ የነዳው አንድ መስመር ነው፤ ከገበያው ወደ ኮረብታው፣ ከኮረብታው ወደ ገበያው። ስሙን ያስጠራው ግን ትዕግሥቱ ነው። አንዲት አሮጊት ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከሩቅ ስትመጣ ካየ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ተሳፋሪው ሁሉ ቢንጫጫበት «ቆይ፣ ትድረስ» ይላል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ትዕግሥት ደግ ነገር ነው ይባላል። ይህን ሰው ጉድ የሠራው ግን እሱ ራሱ ትዕግሥቱ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ክሊፍ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ቱግ ባይ፣ አፉ ላይ የመጣለትን የሚናገር። የጥጥ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ሠርቶ፣ ብናኙን በሳንባው ይዞ ወጣ። ሁለቱ በከተማዋ ስታዲየም ጥላ ፎቅ ሥር ጎን ለጎን ሁለት ወንበሮች ነበሯቸው። ቦታው አባታቸው፣ ወንበር የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ቆሞ ያይበት የነበረ ነው። ስለዚህ ማንኛቸውም ቦታውን ጥለው ሊሄዱ አይችሉም። ችግሩ፣ ሁለቱ ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

ያኳረፋቸው የእናታቸው ሞት ነው። እናትየው ታማ በተኛችበት ጊዜ «ድረሱ፣ አበቃላት» ተብለው ሁለት ጊዜ ተጠርተዋል። ሁለቱንም ጊዜ ኔቪል ልቡ እስኪጠፋ ሮጦ ሲደርስ፣ እናቱ ትራስ ተደግፋ ሾርባ እየጠጣች፣ ሾርባው ቀጠነ ብላ ነርሷን ስትነዘንዝ አገኛት። ሦስተኛው ጥሪ የመጣው ቅዳሜ ቀን ነበር። ኔቪል ስታዲየም ነው፤ ክሊፍ ከእናቱ አልጋ አጠገብ ሆኖ ደወለለት።

«ኔቭ፣ አሁኑኑ ና። የዛሬው እውነት ነው።»

«ቆይ፣ ጨዋታው ይለቅ» አለ ኔቪል።

ጨዋታው ሳያልቅ እናቱ ሞተች። በቀብሩ ዕለት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሻይና ሳንድዊች ይዞ በቆመበት፣ ክሊፍ «ይኼ ሰውዬ ከእናቱ ኳስ የመረጠ ነው» አለና ጀርባውን ሰጠው። ኔቪል ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት። እሱ ግን እስኪበርድለት ልጠብቅ አለ። ሲጠብቅ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ፤ ኩርፊያውም እንደ አሮጌ ዳቦ ደረቀ።

ከዚያ ወዲህ ንግግራቸው ሁሉ በሞሪን በኩል ሆነ። ሞሪን ከፊታቸው ባለው ረድፍ የምትቀመጥ፣ ዕድሜዋን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የፈጀች ባልቴት ናት።

«ሞሪን፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ ጉልበቱን ሰብሰብ ያድርግ፣ ግዛቴ ገብቷል» ይላል ክሊፍ።

«አጠገብህ አይደል እንዴ ያለው? ሰምቶሃል!»

«ንገሪው አልኩሽ።»

«ኔቪል፣ ጉልበትህ ድንበር ጥሷል ተብለሃል።»

«ንገሪው፤ የኔ ጉልበት ከሱ ጉልበት በፊት ነው እዚህ የተቀመጠው።»

«ኧረ በናታችሁ! ኳስ ልይበት ወይስ የናንተ ፖስታ ቤት ልሁን?»

ጎል ሲገባ ግን ይህ ሁሉ ይሻራል። በእነሱ አገር ወንድ ወንድሙን እንዲሁ በባዶ ሜዳ አያቅፍም። አባታቸውም ቢሆን ልጆቹን አቅፎ የሚያውቀው ጎል ሲገባ ብቻ ነው። ጎል ገብቶ አጠገብህ ያለውን አለማቀፍ ደግሞ ነውር ነው፤ ጠላትህም ቢሆን። እናም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩት ሁለቱ ወንድማማቾች መረብ በተነካ ቁጥር ተጠምጥመው ይዘላሉ፤ ኳሱ መሃል ሜዳ ሲመለስ ኮታቸውን አስተካክለው ወደ ኩርፊያቸው ይመለሳሉ።

አምና ክለቡ በታችኛው ሊግ ጎሉን እንደ ክረምት ዝናብ አወረደው። ያደገበት ዕለት ክሊፍ ባርኔጣው ወድቆ እስኪረገጥ ድረስ ኔቪልን አቅፎ አለቀሰ። ኔቪል ያኔ ነው በልቡ የቆረጠው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በፕሪሚየር ሊጉ፣ መጀመሪያ በሚተቃቀፉበት ጎል በጆሮው «ይቅር በለኝ» ይለዋል። ሁለት ቃል ናት። ጫጫታው ውስጥ ማንም አይሰማትም፣ ክሊፍም መልስ መስጠት አያስፈልገውም። ለአንዲት ጎል የሚሆን ዕድሜ ደግሞ ማንም አያጣም ብሎ አሰበ።

እዚያ ላይ ሲወጡ ግን ጎል እንደ ሰማይ ራቀ። በመክፈቻው ቀን የመጣው ክለብ አራት አግብቶባቸው፣ የእንግዶቹ በረኛ ሥራ ፈትቶ ብርድ እንዳይመታው ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ቀጣዩም እንደዚያው። ኦርምስዴል ካገባቸው ጥቂት ጎሎች አብዛኞቹ የገቡት በሰው ሜዳ ነው፤ በራሱ ሜዳ የገቡት ደግሞ ክሊፍ በሳል ተይዞ በቀረባቸው ቀናት። ዕድል ሲቀልድ እንዲህ ነው የሚቀልደው።

በመስከረም አንድ ቀን ኳስ መረብ ነካች። ሁለቱ ተጠመጠሙ። ኔቪል አፉን ወደ ወንድሙ ጆሮ ሲያስጠጋ ዳኛው ጣቱን ጆሮው ላይ አደረገ። ቫር የሚሉት፣ ጎሉን በቪዲዮ ዳግመኛ የሚያጣራው ነገር መጣ። ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ወደ ትልቁ ስክሪን አቃና። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደተቃቀፉ ቀሩ፤ መላቀቅም አፈሩ፣ መቀጠልም አፈሩ። የአጥቂው ትከሻ ከጨዋታ ውጪ ነው ተብሎ ጎሉ ተሻረ።

«ሞሪን፣ ንገሪው» አለ ክሊፍ፤ «እጁን ከኮቴ ላይ ያንሣ።»

በገና ሰሞንም ያው ተደገመ፤ የዚያኛው ሰበብ እጅ ነክቷል የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ ኔቪል ጉሮሮው ላይ የደረሰችውን ቃል መልሶ ሲውጣት እንደ እሾህ ወጋችው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ሳይፈርድ እጁን ከኪሱ ላያወጣ ማለ። እርግጥ እሱ ብቻ አይደለም። የጥላ ፎቁ ሰው ሁሉ ደስታውን አምቆ አንጋጦ መጠበቅ ለምዷል።

በየካቲት፣ በዕረፍት ሰዓት፣ የሥጋ ፓይ ለመግዛት ተሰልፈው ሳለ ሞሪን ክንዱን ያዘችው።

«የክሊፍ ልጅ ሄዘር ነገረችኝ። ሳንባው አልቋል። በጋውን አይሻገርም ብለዋታል።»

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ኔቪል እዚያው ቆሞ ቀረ።

«አናግረው እንጂ፣ አንተ ሰው! ምን ትጠብቃለህ?»

«ጎል» አለ ኔቪል።

«ጎል ምን ያደርግልሃል? እጅህ ያንተ፣ አፍህ ያንተ!»

«ሞሪን፣ እኛ ቤት እንዲህ አይደረግም።»

ሁለት ፓይ ገዛና አንዱን በእሷ እጅ ለወንድሙ ላከለት። ክሊፍ ግማሹን በልቶ፣ «ንገሪው፤ ጨው በዝቶበታል» አለ። ለኔቪል ይህም ትልቅ ነገር ነበር። ማታ ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ያቺን ግማሽ ፓይ እያሰበ አለቀሰ።

ክለቡ መውረዱ የተረጋገጠው ገና በሚያዝያ ነው። በሜዳው የመጨረሻው ጨዋታ ለማንም ምንም የማይፈይድ፣ በካፊያ የተደረገ ጨዋታ ነበር። እንግዶቹ «ደህና ሁኑ፣ በቴሌቪዥን አናያችሁም» እያሉ ይዘፍኑባቸዋል፤ የኦርምስዴል ሰው ደግሞ አብሯቸው ያጨበጭባል። ክሊፍ ደረጃውን የወጣው በሄዘር ተደግፎ ነው። ኮቱ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ጨዋታውን ሙሉ አንዴም አልተነሣም። ኔቪል ግን ኳሱን ትቶ የወንድሙን ትንፋሽ ነበር የሚያዳምጠው። አንድ ጎል። በግንባርም ይሁን በቂጥ፣ ባላጋራ በራሱ ላይ ያግባውም፣ አንድ ጎል ብቻ።

መጨረሻው ላይ የማዕዘን ምት አገኙ። ረጅሙ ተከላካያቸው ከሰው በላይ ዘሎ በግንባሩ ገጨና ኳሷ መረቡ ውስጥ ገባች። ጥላ ፎቁ ተነሣ። ክሊፍም ተነሣ። ያ ከሳምንታት ወዲህ ካለ ድጋፍ የማይቆም ሰው በገዛ እግሩ ተነሥቶ ቆመ፤ ሁለት ክንዱን ዘረጋና «ኔቭ!» አለ።

ዘጠኝ ዓመት ያልጠራውን ስም ጠራው። ኔቪል ግን ዳኛውን እያየ ነበር። ዳኛው ጣቱን ጆሮው ላይ አድርጓል።

«ቆይ» አለ ኔቪል። «ይጣራ።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ አወቀው። የት እንዳለው፣ ለማን እንዳለው፣ በየትኛው ስልክ እንዳለው አወቀ። ግን እጁ ከኪሱ አልወጣ አለ፤ ዓይኑም ከስክሪኑ ላይ አልነሣ አለ። ሕዝቡ ሁሉ ዝም ብሎ አንጋጧል። የክሊፍ ክንዶች ጥቂት አየር ላይ ቆዩ፤ ከዚያ አንዱ ወረደ፣ ሁለተኛውም ወረደ። ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ስክሪኑ ላይ «ጎል» የሚል ተጻፈ። ስታዲየሙ ፈነዳ። ኔቪል ክንዱን ዘርግቶ ዞረ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ክሊፍ የሞሪንን ወንበር ተደግፎ አየር ይለቅማል። ኔቪል ጎንበስ አለ፤ የተቀመጠ ሰው እንዴት እንደሚታቀፍ ግን አያውቅም፤ አድርጎትም አያውቅ። እንደጎበጠ ቀረ።

«ሞሪን» አለ ክሊፍ፣ ትንፋሹን ሲያገኝ። «ንገሪው። እኔ ጎል መሆኑን አውቄ ነበር።»

ሞሪን ወደ ኋላ ሳትዞር፣ «አልነግረውም» አለች። «ሰምቶሃል።»

አንድ ጨዋታ ቀርቶ ነበር፤ በሰው ሜዳ። በዚያ ቀን ኔቪል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጠበቀም። ካልሲው እንኳ የተለያየ መሆኑን ሳያይ ተነሥቶ ወደ ክሊፍ ቤት ሄደ። ሄዘር በሩን ከፍታ አየችውና አሳለፈችው። ክሊፍ ሶፋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ አድርጎ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ያያል። ኔቪል አጠገቡ ተቀመጠ፤ በስተቀኝ፣ እንደ ስታዲየሙ። መሃላቸው ሞሪን የለችም። ጉልበታቸው ተነካካ፤ ክሊፍ ጉልበቱን አላነሣም።

ኳሱ ይንከባለላል፤ ጎል የለም። ኔቪል ጉሮሮውን ጠረገ። አልጠብቅም ብሎ መጥቷልና ጀመረው።

«ክሊፍ… ያኔ፣ እናታችን…»

ክሊፍ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ አንድ ጣቱን ብቻ ከብርድ ልብሱ አወጣ።

«ቆይ» አለ። «ጨዋታው ይለቅ።»

ብድሩን መመለሱ ይሁን፣ ወይስ እንደማንኛውም የኦርምስዴል ሰው ጨዋታ ላይ ወሬ ጠልቶ ይሁን፣ ኔቪል እስከ ዛሬ አላወቀም። ጨዋታው ያለ ጎል አለቀ። ቀና ብሎ ሲያይ ክሊፍ አንቀላፍቷል፤ ወይም ዓይኑን ጨፍኗል። ሄዘር «እንዲተኛ ተወው፣ አጎቴ» አለችው። ተወው።

በዚያው ሳምንት ክሊፍ ሞተ። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ኔቪል ነበር። ተሸካሚዎች ክንዳቸውን ከሳጥኑ ሥር አቆላልፈው፣ ጉንጫቸውን እንጨቱ ላይ አስጠግተው ነው የሚሄዱት። ኔቪል ጉንጩን አስጠግቶ፣ ያቺን ሁለት ቃል ለእንጨቱ ተናገራት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሱ ግን ያን ቀን አንዲት ጠብታ እንኳ አጣ።

በነሐሴ ወደ ታችኛው ሊግ ተመለሱ። በዚያኛው ሊግ ቫር የለም። ዳኛው ጎል ካለ ጎል ነው። ሄዘር ኳስ ስለማትወድ የክሊፍን ወንበር አንድ ወፍራም፣ ሱሪውን ቀለም የነካው ሰውዬ ወስዶታል። ሰውየው መጀመሪያ ሲመጣ ጉልበቱን ወደ ኔቪል ግዛት አስገባ። ኔቪል ከልማድ የተነሣ «ሞሪን፣ ንገሪው…» ብሎ ጀመረና ዝም አለ። ሞሪን መሐረቧን ከቦርሳዋ አወጣች።

ጨዋታው ገና ሳይሟሟቅ ኦርምስዴል አገባ። ቀለም ቀቢው ማንንም ሳይጠብቅ፣ ማንነቱንም ሳይጠይቅ፣ ዞሮ ኔቪልን ግጥም አድርጎ አቀፈው። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ኔቪል እጁን ከኪሱ አወጣና ሰውየውን ያዘው። ኳሱ መሃል ሜዳ ተመለሰ፤ ሰው ሁሉ ተቀመጠ፤ ኔቪል አልለቀቀም።

«እሺ ጌታዬ፣ እሺ» አለ ሰውየው ሳቅ ብሎ። «አንድ ለዜሮ ነው እኮ፣ ዋንጫ አልበላንም።»

ኔቪል ፊቱን የሰውየው ትከሻ ላይ እንደደበቀ «ይቅር በለኝ» አለ።

ሰውየው የረጠበውን ኮቱን አየት አደረገ።

«ምንም አይደል» አለው። «ይደርቃል።»