ሦስት ሳምንት የቦካ ጭቃ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተሰነጠቁ የጭቃ ልጥፎቼን በካርቶን ይዤ ከባሕር ዳር ተነሣሁ። የማጠናው በአዲሱ የድንጋይ ዘመን የኖሩ ገበሬዎች ቤት የሠሩበትን ጭቃ ነው። ሰዎቹ በአንድ ቀን መጠለያ ለጣጥፈው የሚሄዱ መንገደኞች ነበሩ ብዬ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌያለሁ። ይህን ለማሳየት በአንድ ቀን አቡክቼ የለጠፍኩት ጭቃ ግን ሁሌም ይሰነጠቃል፤ የእነሱ ሺህ ዓመታት ቆይቶም አልተሰነጠቀም። የመመረቂያ ጽሑፌን በአምስት ቀን ውስጥ ካላስረከብኩ የዘንድሮው ምርቃት ያልፈኛል። የአፈሩን ዓይነት ስቼ ይሆናል ብዬ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የጭቃ ቤት እየተሠራ መሆኑን ስሰማ ጓዜን ሸከፍኩ።

ሐሙሲት

ሚኒባሱ ሰው ለመሙላት ቆመ። በሃያ ብር የሽምብራ ቆሎ ገዛሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ያቀፍኩትን ካርቶን አይተው "እንቁላል ነው?" አሉኝ። "ጭቃ ነው" ስላቸው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። ከወረታ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል።

ጋፋት፣ ስምንት ሰዓት

ደብረ ታቦር ሽሮ በልቼ በእግሬ ጋፋት ደረስኩ። አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ ለሚያገባ ልጃቸው ቤት እየሠሩ ነው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ጭድ የገባበት ጭቃ ይረግጣሉ። ሽታው ይሰነፍጣል።

"አያ ሞላ፣ ይህ ጭቃ አልተበላሸም?"

"ሲሸትማ ደረሰ ማለት ነው፣ ልጄ። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ውኃ እያጠጣን እንረግጠዋለን። ጭዱ ካልበሰበሰ ጭቃውን አይይዝም።"

ካርቶኑን ከፈትኩላቸው። አንዱን ልጥፍ በጣታቸው ሲጫኑት ተፈረፈረ።

"መቼ አቡክተሽ መቼ ለጠፍሽው?"

"በዕለቱ።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!"

ጎረቤቶቻቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን ጋለ። የጥንቱን ግድግዳ ስባሪ ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። ጭዱ በስብሶ የተወውን ጥቃቅን ቀዳዳ አተኩረው ተመለከቱ።

"ይኸማ በደንብ የቦካ ነው። የሠራው ሰው ያውቅበታል።"

"ሦስት ሳምንት መጠበቅ ግን አይሰለችም?"

"ቤት እኮ ነው የምንሠራ። ወዴት ልንሄድ እንቸኩላለን?"

ደነገጥኩ። ምዕራፌ እዚያው ጭቃው ዳር ፈረሰ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና አብሬያቸው ረገጥኩ።

ባሕር ዳር

ረቡዕ ከሰዓት ቤቴ ገባሁ። እነዚያን የጥንት ሰዎች በራሴ ችኮላ ለክቻቸው ኖሯል። ለመምህሬ ደወልኩ።

"ምዕራፉ አለቀ?" አሉኝ።

"ሰረዝኩት። ሰዎቹ መንገደኞች አልነበሩም፤ እዚያው ሊኖሩ ነው የሠሩት። በቦካ ጭቃ ሞክሬ ላሳይዎት፣ ሦስት ሳምንት ይስጡኝ።"

"ምርቃቱ ያልፍሻል እኮ።"

"ይለፈኝ" አልኩ። ከፍቶኛል፣ አልዋሽም። ስልኩን ዘግቼ ጓሮ ወጣሁና ለልጥፎቼ የከመርኩት አፈር ላይ ውኃ አፈሰስኩ።