ጉንዳኖቹ የመረጡት ቅጠል

ልጅ እያለሁ ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር እማዬ ብርድ ልብስ ከላዬ ጥላ በባህር ዛፍ ቅጠል ታጥነኝ ነበር። ጀርመን አገር ጻይልስሃይም ሰፈር ያለችው ጠባብ ቤታችን በዚያ ሽታ ትታፈናለች፤ ዓይኔ ያነባል፣ አፍንጫዬ ይከፈታል። አራተኛ ክፍል ሳለን አስተማሪያችን ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች በመስታወት ሣጥን ይዞ መጣ። በሞቃት አገር በብዛት ከሚተከሉ ዛፎች የካካዎ፣ የቲክና የባህር ዛፍ ቅጠል አቀረበላቸውና የትኛውን እንደሚተዉት ጠየቀን። እጄን ቀድሜ አወጣሁ። ባህር ዛፉን አይነኩትም አልኩ፣ በሙሉ ልብ።

እነሱ ግን ከሁሉ አስቀድመው ባህር ዛፉ ላይ ተረባረቡ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አፍሬ ሣጥኑ ላይ እንዳፈጠጥኩ ግን አንድ ነገር አየሁ፤ ለጋውን እየቆረጡ ይሸከማሉ፣ ጠንካራውን አሮጌ ቅጠል ዳሰስ አድርገው ያልፉታል። «ለጋውን ይበላሉ፣ አሮጌውን ይተዋሉ» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪው የጠየቅኳችሁ ስለ ዛፉ ነው፣ አጥፊው አለኝ። አላጠፋሁም። በማግስቱም አለኝ፤ አላጠፋሁም። ያየሁትን ለምን ብዬ!

ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው ትምህርት ቤት፣ ጊምናዚየም፣ ማን እንደሚገባ አስተማሪዎች ሐሳብ የሚሰጡት በዚያው ዓመት ነው። እማዬ ተጠራች፤ እኔም አብሬያት ገባሁ። ልጅቷ ደረቅ ናት፣ የጉንዳኖቹን መልስ እንኳ አላርም ብላለች፣ ጊምናዚየም አይሆናትም አላት አስተማሪው። እማዬ በዚሁ ድርቅናዬ ቤት ውስጥ ስንቴ ተቆጥታኛለች! አለቀልኝ አልኩ በሆዴ።

«የጻፍሽው ያየሽውን ነው?» አለችኝ በአማርኛ።

«ያ» አልኳት፣ አዎ ለማለት፣ እንደ ልማዴ በጀርመንኛ።

የመጨረሻው ውሳኔ የወላጅ መሆኑን ጠያይቃ ነበር የመጣችው። በተሰባበረ ጀርመንኛዋ፣ «ልጄ ጊምናዚየም ትገባለች። ድርቅናዋን ከእኔ ነው የወሰደችው» ብላ ብድግ አለች። ያን ቀን እንደኮራሁባት በማንም ኮርቼ አላውቅም።

ገባሁ፤ ዛሬ ኬሚስት ነኝ። ይቅርታ ያለኝ የለም፣ አልጠበቅኩምም። አሁን ደግሞ የእኔዋ ልጅ አራተኛ ክፍል ደርሳለች። ያኔ በግልጽ ደረቅ ይሉን ነበር፤ አሁን ቃሉን አለስልሰው «ምክር መቀበል ይከብዳታል» ይላሉ። ነገ ከአስተማሪዋ ጋር ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ አለኝ። እማዬ አርጅታለች፣ ጉልበቷን ያማታል፤ ትናንት ደውላ ግን ካልመጣሁ፣ ካልተናገርኩ ብላ አስቸገረችኝ።

«ነይ» አልኳት። «የምናገረው ግን እኔ ነኝ። አንቺ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።»